የአባባ ቬስፓ እና ኢንጂነር ኮራዲኖ ዳስካኒዮ

ለትምህርት ክፍላችን መጽሔት ስለ አንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት ጻፉ ስንባል ብዙዎቻችን የምንሮጠው ወደ ሄንሪ ፎርድ ወይም ወደ ሩዶልፍ ዲዝል ነው። እኔም ስለ ዲዝል ሁለት ገጽ ያህል ጽፌ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ በአያቶቼ ግቢ፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመች አንዲት አሮጌ ቬስፓ ናት። የቬስፓዋን እውነተኛ ሞዴል ለማወቅ ስነሳ የሠራትን ሰው ሕይወት አብሬ ማንበብ ግድ ሆነብኝ። ለምን ግድ እንደሆነብኝ ከታች እነግራችኋለሁ። (ስለ ጣልያኑ ሰው የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የአገራችንን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።)

አያቴን አባባ ነበር የምንላቸው። ቬስፓዋን ከሁለተኛ እጅ የገዟት በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሳሉ ነው። ቀን ደብዳቤ ያመላልሱባታል፣ ማታ ደግሞ ከቄራ ሥጋ እየጫኑ ለሥጋ ቤቶች ያደርሱባታል። እናቴንና አጎቶቼን ያሳደጉት በዚችው ቬስፓ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ሳይክል ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ሲከለከል አባባ ሸራ አልብሰው ሰርቪስ ቤት አስገቧት። በዓመቱ እሳቸውም ዐረፉ።

ባለፈው ክረምት አንድ ደላላ አሮጌ ሞተሮች የሚሰበስብ ሰው ይዞ መጣ። ሰውየው ከፊት ለፊቷ የተለጠፈውን የጂ.ኤስ. አርማ ሲያይ ዓይኑ በራ። ሊብሬውን አየ፣ እዚያም ላይ ቬስፓ ጂ.ኤስ. 150 ተብሎ ተጽፏል። ጂ.ኤስ. ማለት ፋብሪካው በ1955 ያወጣው የስፖርት ሞዴል ሲሆን ሰብሳቢዎች በጣም የሚፈልጉት ዓይነት ነው። ሰውየው የጠራው ዋጋ አጎቴን ክው አደረገው። ጣራው የሚያፈሰውን ቤት አድሶ የአክስቴን ልጅ የኮሌጅ ክፍያ ይከፍላል፣ ኧረ ይተርፋል። ገዢው ግን አንድ ነገር ጠየቀ፤ ሞዴሉ በትክክል ይረጋገጥልኝ አለ። አጎቴም ወዲያው ስልክ መታልኝና አውቶሞቲቭ የምትማረው ለዚህ ቀን አይደል እንዴ አለኝ።

ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ግቢው ውስጥ ስንጎዳጎድ እማማ፣ አያቴ ማለት ነው፣ ቡና እያፈሉ ያዩኝ ነበር። ሁለተኛውን ሲጠጡ ጠሩኝና ይህችን ነገር የሠራት ጣልያን ማን እንደሆነ ታውቃለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ያኔ ነገሩኝ። አባታቸው በ1928 ዓ.ም. ማይጨው የዘመቱ ናቸው። ሠራዊቱ ወደ አሸንጌ ሐይቅ ሲያፈገፍግ ከአውሮፕላን የወረደው መርዝ ነክቷቸው የጀርባቸው ቆዳ እስኪሞቱ ድረስ እንደተላጠ ነበር። እማማ አባባን አክብረው ምንም ሳይናገሩ ኖሩ እንጂ በዚያች ቬስፓ ላይ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠውባት አያውቁም። አሁን ከቤት ልትወጣ ስለሆነ አንድ ነገር ማወቅ ፈለጉ። የሠራት ሰው ከነዚያ ሰዎች አንዱ ነው ወይስ አይደለም?

እንግዲህ ሁለት የቤት ሥራ ተሰጠኝ ማለት ነው፤ አንዱ የማሽኑን፣ ሌላው የሰውየውን እውነተኛ ማንነት ማወቅ። በመጀመሪያ የማሽኑን ላስቀድም።

ቬስፓን ለመለየት አርማ ምስክር አይሆንም። አርማ በሁለት ብሎን ይነሳል፣ በሁለት ብሎን ይገባል። የሞተሩ ይዘትም ብቻውን አይረዳም፤ ጂ.ኤስ. 150ም ሆነ ተራው ቬስፓ 150 ሁለቱም በትክክል ሲለኩ 145 ሲሲ ገደማ ናቸው። የመጀመሪያውን ጥርጣሬ ያሳደረብኝ ጎማው ነው። ጎማው ላይ 3.50-8 የሚል ተጽፏል፣ ማለትም ቸርኬው 8 ኢንች ነው። የጂ.ኤስ. ቸርኬ ግን 10 ኢንች ነው። ቢሆንም ቸርኬም ይቀየራል፣ ሃምሳ ዓመት ያገለገለች ቬስፓ ላይ ያልተቀየረ ምን አለ?

ጎፋ አካባቢ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድኩና ለምኜ ይዣቸው መጣሁ። እሳቸው አርማውን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። በቀኝ በኩል ሞተሩን የሚሸፍነውን ክዳን አነሱና የሻንሲውን ላሜራ ጠርዝ በጣታቸው ዳበሱ። ከዚያ ናፍጣና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አምጣ አሉኝ። ሦስት ዓይነት ቀለም ተደራርቦበት ነበር፤ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ግራጫ፣ ከዚያ ሥር ደግሞ ሰማያዊ የሚመስል። ግማሽ ሰዓት ያህል ስፈገፍግ ቆይቼ ፊደሎቹ ብቅ አሉ። ቪ፣ ቢ፣ ቢ፣ 1፣ ቲ፣ ከዚያም ተከታታይ ቁጥር። በሞተሩ አካል ላይ ደግሞ ቪ፣ ቢ፣ ቢ፣ 1፣ ኤም የሚል አገኘን።

በቬስፓ ቁጥር መጨረሻ ላይ ያለችው ቲ በጣልያንኛ ቴላዮ ማለት ናት፣ ሻንሲ እንደማለት። ኤም ደግሞ ሞቶሬ ናት። በፊት ያሉት ፊደሎች ሞዴሉን ይነግራሉ። ቪ.ቢ.ቢ. ማለት ከ1960 ጀምሮ የተሠራው ተራው ባለ 150 ቬስፓ ነው፤ ባለ 8 ኢንች ቸርኬ፣ ባለ አራት ማርሽ። ጂ.ኤስ. 150 ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ በቪ.ኤስ. ይጀምር ነበር። የእኛዋ ሻንሲና ሞተር ደግሞ እንደተጋቡ ኖረዋል፣ ማንም አላፋታቸውም።

ሽማግሌው አንድ ሌላ ማስረጃ ጨመሩልኝ። አባባ ዘይትና ቤንዚን ሲቀላቅሉ በምን ይለኩ እንደነበር ጠየቁኝ። ይህንንማ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ለ5 ሊትር ቤንዚን አንድ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ዘይት። ጠርሙሷ እስካሁን መስኮቱ ላይ አለች፣ 100 ሚሊ ሊትር ይላል። ሒሳቡ 2 በመቶ ነው። ቪ.ቢ.ቢ. የሚፈልገው 2 በመቶ ነው፤ የድሮው ጂ.ኤስ. 150 ግን 5 በመቶ ይፈልጋል፣ ማለትም ሁለት ጠርሙስ ተኩል። አባባ ለዓመታት በአንድ ጠርሙስ ጂ.ኤስ. ቢነዱ ኖሮ ፒስተኑ ገና ድሮ ተጣብቆ በቀረ ነበር። ሊብሬው ጂ.ኤስ. ይበል እንጂ የአባባ እጅ ግን የቬስፓዋን እውነተኛ ሞዴል ያውቀው ነበር።

አሁን ወደ ሰውየው ልመለስ። ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የተወለደው የካቲት 1 ቀን 1891 መካከለኛው ጣልያን፣ አብሩዞ ውስጥ ፖፖሊ በምትባል በተራሮች መካከል ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ልቡ ሰማይ ላይ ነበር። የራይት ወንድማማቾች ከበረሩ ገና ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ በ15 ዓመቱ የወፎችን ክብደትና የክንፍ ስፋት አጥንቶ ያለ ሞተር የሚንሳፈፍ መብረሪያ ሠራና ከከተማው አጠገብ ካሉት ኮረብታዎች ላይ ሞከረው። በ1914 ከቶሪኖ ፖሊ ቴክኒክ በመካኒካል ምህንድስና ተመረቀ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። እርሱም በአቪዬሽን ክፍል ገብቶ የአውሮፕላን ሞተር ይመረምር ጀመር፤ ጣልያን ውስጥ ሊመረት የሚችል ሞተር እንዲመርጥም ወደ ፈረንሳይ ተላከ። ቀጥሎ በፖሚሊዮ የአውሮፕላን ፋብሪካ ሠራ፣ በ1918 ከዚሁ ድርጅት ጋር አሜሪካ፣ ኢንዲያናፖሊስ ድረስ ሄደ። ብዙ ሳይቆይ ግን ወደ ፖፖሊ ተመለሰ።

በ1925 ፒየትሮ ትሮያኒ ከሚባል ባለ ገንዘብ መኮንን ጋር ተሻረከ። የአንዱ እውቀት፣ የሌላው ገንዘብ ሆነና ሄሊኮፕተር መሥራት ጀመሩ። ያኔ ሄሊኮፕተር የሚባለው ነገር ከመሬት ተነስቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ እንደ ተአምር ይታይ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎች አልሰመሩም። ሦስተኛዋ ግን ተሳካላት። በአንድ ዘንግ ላይ አንዱ ከሌላው በላይ ሆነው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሽከረከሩ ሁለት ትልልቅ ተሽከርካሪ ክንፎች ነበሯት። ሁለቱ በተቃራኒ ስለሚዞሩ የአንዱ ጉልበት የሌላውን ያጠፋዋል፣ ስለዚህ አካሏ አብሮ አይሽከረከርም። ሚዛኗን የሚጠብቁ ትንንሽ ፕሮፔለሮችም ተጨምረውላታል። በጥቅምት ወር 1930 ሮም አጠገብ በቻምፒኖ ሜዳ በሻለቃ ማሪኔሎ ኔሊ አብራሪነት 18 ሜትር ከፍታ፣ 1,078 ሜትር ርቀት እና 8 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ የአየር ላይ ቆይታ አስመዘገበች። ሦስቱም በጊዜው የዓለም ሪከርዶች ነበሩ። ዛሬ 18 ሜትር ስንል ያስቀን ይሆናል፣ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ከፍታ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ግን ከዚያ በላይ የወጣ አልነበረም።

ምን ዋጋ አለው፣ ሪከርድ እንጀራ አይሆንም። የጣልያን መንግሥት ለሄሊኮፕተሯ ደንታ አልሰጣትም፣ የትሮያኒም ገንዘብ አለቀ። ሽርክናው ፈረሰ። ዳስካኒዮ በ1932 ፒያጆ በተባለው ኩባንያ ተቀጠረ። ሥራው አብራሪው በአየር ላይ እያለ የምላጩን አቅጣጫ የሚለውጥበት ፕሮፔለር መንደፍ ነበር። ይህ ለአውሮፕላን ልክ እንደ ካምቢዮ ነው፤ ሲነሳ አንድ ዓይነት፣ ሲበር ሌላ ዓይነት አቅጣጫ ያስፈልገዋል። ከ1937 ጀምሮም በፒሳ ዩኒቨርሲቲ የማሽን ንድፍ አስተማረ፤ እስከ 1961 ድረስ አላቋረጠም።

ውድ አንባቢ፣ የእማማ ጥያቄ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ፒያጆ በዚያ ዘመን ስኩተር አያውቅም። የሚሠራው የአውሮፕላን ሞተር፣ አውሮፕላንና የባቡር ዕቃ ነበር። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ጣልያን አገራችንን ስትወር በሰማያችን ላይ ከታዩት የቦምብ አውሮፕላኖች አንዱ ካፕሮኒ 133 ነው። ካፕሮኒ 133 ባለ ሦስት ሞተር ነው፣ ሦስቱም ሞተሮች የፒያጆ ሥራ ናቸው። ዳስካኒዮ አብራሪ አልነበረም፣ ቦምብም አልጣለም፣ መርዝ አልቀመመም። የእርሱ ጠረጴዛ የፕሮፔለር ጠረጴዛ ነበር። ነገር ግን ደመወዙ የሚወጣው ከዚያው ካዝና ነው፣ ያ ካዝና ደግሞ የሚሞላው በጦርነት ትእዛዝ ነበር። ይህንን ካነበብኩ በኋላ ደብተሬን ዘግቼ ሁለት ቀን አልከፈትኩትም። ለእማማ ምን ብዬ ልንገራቸው? የፈጠራ ሰው ነው፣ ከፖለቲካ ጋር አይገናኝም ብል ግማሹን መደበቄ ነው። ከነዚያ አንዱ ነው ብልም እንደዚያው ግማሹን መደበቄ ነው።

ጦርነቱ በመጨረሻ ወደ ራሳቸው ቤት ዞረ። ፖንቴዴራ የሚገኘው የፒያጆ ፋብሪካ በቦምብ ፈራረሰ። ሠራተኛው ተበተነ፣ የኩባንያው ክፍል ወደ ሰሜን፣ ወደ ቢዬላ ተዛወረ። ጦርነቱ ሲያልቅ የጦር አውሮፕላን የሚፈልግ ጠፋ። መንገዱ ፈርሷል፣ ሕዝቡ ድሃ ነው፣ መኪና የሚገዛ የለም። የኩባንያው ባለቤት ኤንሪኮ ፒያጆ ሕዝቡ በአነስተኛ ዋጋ የሚገዛው ባለ ሁለት ጎማ ማጓጓዣ እናምርት ብሎ ተነሳ። ሌሎች መሐንዲሶች ሠርተው ያቀረቡለት የመጀመሪያ ናሙና አላስደሰተውም፤ ሠራተኛው ራሱ በዳክዬ ስም ይጠራው ነበር። ስለዚህ ነገሩን ለዳስካኒዮ ሰጠው።

የሚገርመው ዳስካኒዮ ሞተር ሳይክል አይወድም ነበር። ለእርሱ ሞተር ሳይክል የማይመች፣ ልብስ የሚያቆሽሽ፣ ጎማው ሲተነፍስ ባለቤቱን መንገድ ላይ የሚያዋርድ ነገር ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የተሳካለትም በዚሁ ምክንያት ነው። የሞተር ሳይክል ልማድ ስላልነበረበት አንዱንም የሞተር ሳይክል ሕግ አልተከተለም። ከአውሮፕላን ያወቀውን አመጣ። እስቲ አንድ በአንድ እንይ፤

አንደኛ፣ ብረት ቱቦ ላይ የተመሠረተ ፍሬም የለም፤ ተቀርጾ የተበየደው ላሜራ ራሱ ሻንሲ ነው። ይህ የአውሮፕላን አካል አሠራር ነው። ላምብሬታን በኋላ ያመረተው ፈርዲናንዶ ኢኖቼንቲ ስኩተር እንዲነድፍለት ቀደም ሲል ዳስካኒዮን ጠይቆት ነበር ይባላል። ኢኖቼንቲ የቱቦ ፋብሪካ ስለነበረው በቱቦ ይሠራ አለ፣ ዳስካኒዮ በላሜራ አለ፣ በዚሁ ተለያዩ።

ሁለተኛ፣ የፊት ጎማ የተያዘው እንደ ሞተር ሳይክል በሁለት ሹካ ሳይሆን በአንድ በኩል ብቻ ነው፣ ልክ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ጎማ። ስለዚህ ጎማ ሲተነፍስ እንደ መኪና ዳዶዎቹን ፈትቶ ተለዋጭ መግጠም ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ሞተሩ ከኋላ ጎማ ጋር በቀጥታ ተያይዟል፣ ሰንሰለት የለም። ሰንሰለት ከሌለ ቅባት ሱሪ ላይ አይረጭም።

አራተኛ፣ ማርሹ በእጅ ነው፣ ከፍሪሲዮኑ ጋር በግራ መያዣ ላይ። ከፊት ጋሻ አለው፣ መሀሉ ክፍት ነው፣ ቀሚስ የለበሰ ሰው እንደ ወንበር ይቀመጥበታል።

ኤንሪኮ ፒያጆ ናሙናውን ሲያይ ወገቡ ቀጠን፣ ኋላው ሰፋ ያለ በመሆኑ ተርብ ይመስላል ብሎ ስሙን ቬስፓ አለው፤ በጣልያንኛ ተርብ ማለት ነው። ሚያዝያ 23 ቀን 1946 ፍሎረንስ ከተማ የፈጠራ መብቱ ተመዘገበ። የመጀመሪያዋ ቬስፓ 98 ሲሲ፣ ሦስት ማርሽ ነበረች። በዚያ ዓመት 2,484፣ በሚቀጥለው ዓመት 10,535 ተመረቱ። በ1956 አንድ ሚሊዮን ሞላች። በ1948 ደግሞ ከቬስፓ ባለ ሦስት እግር የጭነት ማመላለሻ ወጣ፣ ስሙም ንብ፣ በጣልያንኛ አፔ ተባለ። ባጃጅ የተባለው የሕንድ ኩባንያም ሥራውን ያስፋፋው የፒያጆን ስኩተርና ባለ ሦስት እግር በፈቃድ በማምረት ነው። እንግዲህ ጀሞና ለቡ ውስጥ ለውስጥ የተሳፈርንባቸው ባጃጆች የዘር ሐረጋቸው ቢቆጠር የሚደርሰው እዚሁ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ጋራዣችንንም ልብ በሉ። ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ፓራፋንጎ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ እንላለን፤ በመንገድ ላይ ደግሞ ታርጋና ቦሎ። ሳናውቀው ቀኑን ሙሉ ጣልያንኛ ስናወራ ነው የምንውለው። ጠላት ተባሮ ቃሉ ቀረ፣ ቃሉንም የእኛ አደረግነው።

ዳስካኒዮ ግን በቬስፓ አልረካም። ለእርሱ ቬስፓ በመንገዱ ላይ ያጋጠመችው ሥራ ናት፣ የሕይወት ሥራው ሄሊኮፕተር ነው። በፒያጆ ውስጥ ሆኖ ሌሎች ሁለት ሄሊኮፕተሮች ሠራ፣ ሁለቱም ለገበያ አልበቁም። በ1964 በሰባ ሦስት ዓመቱ፣ ሌላው ሰው ጡረታ ወጥቶ ፀሐይ በሚሞቅበት ዕድሜ፣ ወደ አጉስታ ኩባንያ ገብቶ ለማሠልጠኛ የሚሆን ትንሽ ሄሊኮፕተር መንደፍ ጀመረ። እርሷም አልተመረተችም። ሰዎች በሄሊኮፕተሩ ሳይሆን በቬስፓው ስሙን ሲያነሱ ቅር ይለው እንደነበር ይነገራል። ነሐሴ 6 ቀን 1981 በፒሳ ከተማ በ90 ዓመቱ ሞተ።

የተማርኩትን ሁሉ ይዤ አንድ ቅዳሜ ወደ ላፍቶ ተመለስኩ። ለእማማ ምንም ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ ልጅ ሆኖ ከኮረብታ ላይ መብረሩን፣ ሄሊኮፕተሩን፣ ኩባንያው የካፕሮኒን ሞተር መሥራቱን፣ እርሱ በዚያው ኩባንያ የፕሮፔለር ነዳፊ መሆኑን፣ ከጦርነቱ በኋላ ይህችን ማውጣቱን። ሲያዳምጡ አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም። ስጨርስ ስንት ዓመት ኖረ አሉኝ። ዘጠና አልኳቸው። የእሳቸው አባት ሃምሳ ሳይሞላቸው ነው ያረፉት። ይህንኑ ብለው ዝም አሉ። እኔም የምለው አልነበረኝም።

ትንሽ ቆይተው ደግሞ ለገዢው ምን ልትለው ነው ብለው ጠየቁኝ። አጎቴ እንደሆነ ሐሳቡን ቀድሞ ነግሮኛል፤ ሊብሬው የሚለውን ነው ያልነው፣ ከመንግሥት ወረቀት በላይ ምን ማስረጃ አለ የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ አመንትቶ ነበር፤ ጣራው በእርግጥ ያፈሳል፣ የክፍያውም ቀን ደርሷል። እማማ ግን ስለ ጣልያኑ እውነቱን እንደነገርከኝ ስለ ዕቃውም እንዲሁ ትነግረዋለህ፣ ከዚህ ቤት የውሸት ነገር አይሸጥም ብለው ቆረጡት።

ገዢው መጣ፣ ክዳኑን አንስቼ ቁጥሩን አሳየሁት፣ ጎማውን አሳየሁት፣ የሽሮፑን ጠርሙስ ሳይቀር አሳየሁት። አመሰገነኝና ከጠራው ዋጋ ግማሽ የማይሞላ ሰጠ። አጎቴ ለሁለት ሳምንት ስልኬን አላነሳም። በመጨረሻ ቤተሰቡ ተሰብስቦ በዚያ ዋጋ ከምትሄድ ትቆይ ተባለ። ክፍያው በዕቁብ ተከፈለ፣ ጣራው እስካሁን ያፈሳል።

ሊብሬው ላይ ጂ.ኤስ. እንዴት ተጻፈ? መልሱ እማማ ዘንድ ነበር። አባባ ደመወዝ የተጨመረላቸው ጊዜ ከሜርካቶ ሁለት የጎን መስታወትና ያንን አርማ ገዝተው መጡ። የትልልቆቹን ስም ለትንሿ ሰጧት ማለት ነው። በኋላ ሊብሬው ሲታደስ የመዘገበው ሰው ክዳን አንስቶ ሳይመለከት አርማውን አይቶ ጻፈ።

ከዚህ ምን ተማርኩ? ለሙያ ጓደኞቼ አሮጌ ሞተር ቢመጣላችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ እላለሁ። አርማና ቀለምን እርሱ። የሻንሲውን ቁጥር ፈልጉ፣ የሞተሩን ቁጥር ፈልጉ፣ ሁለቱ መጋባታቸውን አረጋግጡ። ከዚያ ቸርኬውን፣ ማርሹን፣ የዘይት ቅይጡን አመሳክሩ። ሊብሬውን በመጨረሻ አንብቡ እንጂ በእርሱ አትጀምሩ። ሰውንም ስናጠና እንዲሁ ይመስለኛል። ዓለም ዳስካኒዮ ላይ የቬስፓን አርማ ለጥፎበታል፣ እርሱ ራሱ የሄሊኮፕተርን አርማ ይፈልግ ነበር። ሥር ወርደው ሲያዩት ግን ሁለት ቁጥር አለው፤ አንዱ የነደፈው፣ ሌላው የሚነድፍበት ቤት የሚያገለግለው ጉዳይ። አንዱን ብቻ አንብቦ ማለፍ ያሳስታል። እኛም ነገ ተመርቀን በየፋብሪካው ስንገባ ሁለቱም ቁጥሮች ይታተሙብናል።

ሊብሬውን ለማስተካከል ማመልከቻ አስገብተናል። አርማውን ግን አላነሳሁትም። ልፈታው ካቻቢቴ ይዤ ስቀርብ እማማ ተዉት አሉ፤ ወረቀቱ እውነቱን ይናገር፣ አርማው የአባባ ነው። ከዚያም ሸራውን ገልጠው በእርጥብ ጨርቅ አቧራዋን ጠረጉላት። ላይዋ ላይ አልተቀመጡም።